ስለ ሸማ ሥራና ስለ መንደር ሀብት

ብዙ ሰዎች ሀብት ማለት ወርቅና ብር፣ ከብትና መሬት ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ግን ወርቅ በሣጥን ተቈልፎ ሲቀመጥ አይወልድም፤ መሬትም የሚያርሰው ካጣ ዳዋ ይለብሳል። የሀብት ሁሉ ምንጭ ሰው በእጁና በአእምሮው የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ መንደር ባለጸጋ ነው ወይስ ድኻ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፤ በመንደሩ ስንት በሬ እንዳለ ከመቍጠሩ በፊት ስንት ዐይነት ሥራ እንደሚሠራበት፤ ሠራተኛውም ከሥራው ዋጋ ምን ያህሉን ለራሱ እንደሚያገኝ፤ ያገኘውንም ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውለው መመርመር ይገባዋል።

ከአባቶቹ በወረሰው ጥበብ ተነሥቶ፤ በራሱ ገንዘብና በራሱ ብልኀት ሥራ አቋቍሞ፤ ለቤቱም ለጎረቤቱም እንጀራ የሚያወጣ ሰው ለመንደር ልማት ዋና መሠረት ነው። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በየሰው ትከሻ ላይ የሚታየው ሸማ ይበቃል።

አንድ ጋቢ በስንት እጅ ያልፋል

ጋቢ በአራት እጥፍ የተደረበ የጥጥ ልብስ ነው። ገዥው በገበያ ቆሞ ሲያየው የአንድ ሸማኔ ሥራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ቢመረምረው የብዙ ሰዎች ድካም ተደርቦበት ያገኘዋል።

በመጀመሪያ የቆላው ገበሬ ጥጡን ይዘራል፣ ያርማል፣ ይለቅማል። ነጋዴው ጭኖ ወደ ደጋ ገበያ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ሴቶች እጅ ይገባል። ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ይለያሉ፤ በደጋን ነድፈው ያፍታቱታል፤ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉንም በልቃቂት ያጠራቅሙታል። ሸማኔውም ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በቀሰም ጠቅልሎ፣ በመወርወሪያው ውስጥ አግብቶ፣ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ በእጁ እየወረወረ ይሠራዋል። ጥበብ የሚገባበት እንደ ሆነ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየቈጠረ ያስገባል። በመጨረሻም ሰፊው ጠርዙን ይገጥማል፤ ነጋዴውም ለገዥ ያቀርባል።

ከእነዚህም ሌላ የሸማኔውን ዕቃ የሚጠርበው አናጢ፣ የገበሬውን ማረሻ የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ አሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ጋቢ በገዛ ጊዜ የከፈለው ዋጋ በእነዚህ ሁሉ ቤት ይከፋፈላል። ፈታይዋ ከድርሻዋ ለልጅዋ ደብተር ትገዛለች፤ ሸማኔው ጤፍና በርበሬ ይገዛል፤ ጤፉን የሸጠው ገበሬ ደግሞ ማረሻውን ያሳድሳል። አንድ ብር ከመንደር ሳይወጣ ከእጅ ወደ እጅ በተዘዋወረ ቍጥር የሚያጠግበው ሰው ይበዛል። ጥሬው ጥጥ ሳይፈተል ሳይሠራ ወደ ሌላ አገር ቢሸጥ ግን ዋጋውን የሚቀበሉት ገበሬውና ነጋዴው ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እጆች ሁሉ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

ከውጭ ስለ መጣ ጨርቅ

ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በኢትዮጵያ በሥራ ታይቷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሪካኒና አቡጀዲ የሚባለው የውጭ አገር የጥጥ ጨርቅ በብዛት ወደ አገር ይገባ ነበር። በፋብሪካ መኪና የተሠራ ስለ ነበረ ዋጋው ይረክሳል፤ ድኻውም ወደ እርሱ አዘነበለ። ኢትዮጵያም በለውጡ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና የመሳሰለውን ጥሬ ዕቃ ትሰጥ ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን አይተው እጅግ አዝነዋል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋራ ሲገበያይ፤ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚለውጥና በንግድ ስም እንደሚደኸይ አስረድተዋል። መድኃኒቱም ከውጭ ሰው ጋራ መገበያየትን መተው አይደለም፤ ሕዝቡ ዕውቀትን ተምሮ፣ በመሣሪያ ታግዞ፣ ጥሬውን ዕቃ በራሱ አገር ወደ ተሠራ ዕቃ መለወጥ ነው።

ሸማኔዎቹ ግን መሪካኒ መጣ ብለው ዕቃቸውን አልሰቀሉም። ከፋብሪካው ጋራ በማይችሉት ነገር መታገልን ትተው የሚጠቅማቸውን ከእርሱ ወሰዱ። ብዙዎቹ ለድሩ በመኪና የተፈተለውን ጠንካራና እኩል የሆነ ክር እየገዙ፤ ለማጉ በእጅ የተፈተለውን ለስላሳ ፈትል መጠቀም ጀመሩ። በዚህ ሥራው ፈጠነ፤ የልብሱም ሙቀትና ውበት አልጠፋም። ጥበቡንም እያሳመሩ፤ ለሠርግና ለበዓል የሚለበሰውን የአገር ልብስ የራሳቸው ገበያ አድርገው አቆዩት። የአባት ሙያን መጠበቅ ማለት ምንም ሳይለውጡ መያዝ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ዛሬም ሌላ ፈተና መጥቷል። የጥበቡን መልክ በጨርቅ ላይ አትሞ ከውጭ የሚያስገባ ነጋዴ በርክሷል፤ ዋጋውም ከእጅ ሥራው ያነሰ ነው። ይህን በቍጣ ማቆም አይቻልም። ሸማኔው ሥራውን ቢያጠራ፣ ገዥውም በእጅ የተሠራውን ከታተመው ለይቶ ማወቅ ቢማር፣ የእጅ ሥራው ቦታውን አይለቅም።

ንቀት ስላመጣው ጉዳት

የአገር ባለ ሙያን የጎዳው የውጭ ጨርቅ ብቻ አይደለም። ከዚያ የከፋው የገዛ ወገኑ ንቀት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል ማረሻ የሚቀጠቅጡ፣ እንስራና ምጣድ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሠሩ ሲሆኑ፤ ጎረቤቶቻቸው በሥራቸው እየተጠቀሙ «ቡዳ» እያሉ ይርቋቸው ነበር። ያለ ማረሻ እርሻ የለም፤ ያለ ምጣድ እንጀራ የለም። ማረሻውን እየያዘ ቀጥቃጩን የሚንቅ ሰው የሚበላበትን ወጭት እንደሚሰብር ሰው ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በማየት በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ከተነገረ አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ስድቡ ከየመንደሩ ፈጽሞ አልጠፋም። ዐዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ትምህርትና የሽማግሌ ቃል ነው።

የንቀት ጉዳት በተሰዳቢው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። የሚሰደብ ባለ ሙያ ልጁ ሙያውን እንዲወርስ አይወድም፤ የሌላውም ሰው ልጅ ሊማረው አይመጣም። ስለዚህ ጥበቡ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ባለ ሙያው ምስጢሩን ይደብቃል እንጂ አያስተምርም፤ ገንዘቡንም ከሌላው ጋራ አያስተባብርም። በመጨረሻ መንደሩ በእጁ ይሠራው የነበረውን ዕቃ ከሩቅ ገበያ በውድ ዋጋ ይገዛል።

ስለ ዶርዜ ሸማኔዎች

ሙያ የተከበረበት አገር ምን እንደሚሆን ለማየት የዶርዜን ሰዎች መመልከት ይጠቅማል። ዶርዜ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ባለው በጋሞ ተራራ፣ በጨንቻ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ነው። አገሩ ደጋ፣ ሰዉ ብዙ፣ የእርሻው ቦታ ጠባብ ነው። ምግባቸው ከእንሰት ይገኛል፤ ቤታቸውንም ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየጎነጎኑ ይሠሩታል። መሬት ስለ ጠበባቸው ሸማ መሥራትን ከእርሻ ጋራ አጣምረው ያዙ። ወንዱ ይሠራል፤ ሴቷ ትፈትላለች። ሸማኔ መሆን በእነርሱ ዘንድ ነውር አልነበረም፤ ገበሬው ራሱ ሸማኔ ነውና።

ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከጋሞ ተራራ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጡ። በእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፈሩ፤ ቦታውም የአገር ልብስ ገበያ ሆነ። የቀደመው ሸማኔ ኋላ የመጣውን የአገሩን ልጅ ተቀብሎ ያሳድረዋል፤ ሥራ ያስይዘዋል። ከሚያገኙትም ገንዘብ በአገር ቤት ለቀሩት ወላጆቻቸው ይልካሉ፤ ለመስቀል በዓልም ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ። ጠባብ መሬት ያላቸው ሰዎች በእጅ ሙያቸው ሰፊ ገበያ አገኙ።

ነገር ግን ምስጋናው እውነቱን እንዳይሸፍን ያስፈልጋል። በዚያው በጋሞ አገር ሸማኔው ሲከበር ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ተንቀው፣ መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋራ እንዳይጋቡ ተከልክለው ይኖሩ ነበር። እንግዲህ ክብርን ለአንዱ ሙያ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ ግማሽ ጥበብ ነው።

የራስን ድካም ስለ መቍጠር

ብዙ ሸማኔ ያተርፋል እየተባለ የሚደኸየው ሂሳቡን ስለማያውቅ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሸማኔ በ1,200 ብር ክር ገዝቶ፣ አራት ቀን ሠርቶ፣ ልብሱን በ2,000 ብር ቢሸጥ፤ 800 ብር አተረፍሁ ይላል። ነገር ግን በሌላ ቤት ተቀጥሮ ቢሠራ በቀን 200 ብር የሚያገኝ ከሆነ፤ 800 ብሩ የአራት ቀን ድካሙ ዋጋ እንጂ ትርፍ አይደለም። ሚስቱ የፈተለችበትን ቀን ቢጨምር ደግሞ ኪሣራ ሆኖ ያገኘዋል።

ወደዚህ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ዱቤ ነው። ሸማኔው ክር የሚገዛበት ገንዘብ ባጣ ጊዜ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። የሠራውንም ልብስ ለዚያው ነጋዴ፣ ነጋዴው በቈረጠለት ዋጋ ለማስረከብ ይገደዳል። እንዲህ ሲሆን ልብሱ የሸማኔው፣ ዋጋው የነጋዴው ይሆናል። ነጋዴውን በመርገም ይህ ቀንበር አይሰበርም፤ እርሱም ገንዘቡን አጋፍጦ ዕቃ የሚያመላልስ ሠራተኛ ነው። ቀንበሩ የሚሰበረው ሸማኔው ለክር የሚሆን የራሱ ገንዘብ ሲኖረው ነው።

ዕቁብና የኅብረት ሥራ

ለዚህ የሚሆን ብልኀት ከጥንት በሕዝቡ ዘንድ አለ፤ እርሱም ዕቁብ ነው። ሃያ ሸማኔዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ በአንድ ጊዜ 10,000 ብር ይሰበሰባል። በሃያ ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ወለድ እንደሌለው ብድር፣ ዘግይቶ ለሚወጣለት እንደ ቍጠባ ይሆናል። ዳኛውና ጸሐፊው ገንዘቡን ይቈጣጠራሉ፤ ዕጣ የደረሰውም ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ ዕቁብም ጕድለት አለበት። የዕቃ ዋጋ በሚወደድበት ዘመን የመጨረሻው ዕጣተኛ በተቀበለው ገንዘብ የሚገዛው ክር፣ ፊተኛው ከገዛው ያነሰ ነው። ስለዚህ የዕቁብ ገንዘብ ለድግስና ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ መሣሪያና ለክር መግዣ ቢውል፤ ጊዜውም ባይረዝም ይሻላል።

ከዕቁብ ከፍ ያለው ደረጃ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በ1991 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 147 ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወጥቷል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቍጥር 985 ተተክቷል። በማኅበር የተደራጁ ሸማኔዎች ክር በጅምላ በርካሽ ይገዛሉ፤ ልብሳቸውን በአንድነት ይሸጣሉ፤ በሕግ ፊትም እንደ አንድ ሰው ውል ይዋዋላሉ። ማኅበር የሚፈርሰው ግን ብዙ ጊዜ በገንዘብ ማነስ አይደለም፤ ሂሳቡ በተደበቀና መሪዎቹ በማይጠየቁበት ጊዜ ነው። ማንበብ የሚችል ሽማግሌ በማኅበር ውስጥ ሊሰጥ የሚችለው ታላቅ አገልግሎት ደብተሩን በአባላቱ ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

ትርፉ ወደ መንደር ሲመለስ

በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ አውራምባ የሚባል መንደር አለ። ዙምራ ኑሩ የተባሉ ገበሬ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በ1964 ዓ.ም. መሠረቱት። በደርግ ዘመን ሰዎቹ አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ በተመለሱም ጊዜ አብዛኛውን መሬታቸውን ሌሎች ይዘውት ስላገኙ በእርሻ ብቻ ሊኖሩ አልቻሉም። በዚህ ጊዜ ወደ ሸማ ሥራ ፊታቸውን አዞሩ። በዚያ መንደር የወንድ ሥራና የሴት ሥራ የሚባል ልዩነት የለም፤ ሴቷ ከሸማ ዕቃ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ወንዱም ይፈትላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በትርፉ ያደረጉት ነገር ነው። በጋራ ካገኙት ገንዘብ እህል የሚፈጭ ወፍጮ ተከሉ፤ ለሕፃናት መማሪያ፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን መጦሪያ ቤት አቆሙ። የጎረቤት መንደር ሰዎችም እህላቸውን ወደ ወፍጮው እያመጡ አስፈጩ። በዚህ ምሳሌ የሸማው ትርፍ ወፍጮ ወለደ፤ ወፍጮውም ሌላ ገቢ ወለደ። የአውራምባን ሰዎች አኗኗር ሁሉ መከተል ለማንም ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ትርፍ ወደ መንደር ካልተመለሰ አንድ ሰው ይከብራል እንጂ መንደር አይለማም የሚለውን ትምህርት ከእነርሱ መውሰድ ይቻላል።

ስለ ልጆች

በዚህ ላይ ለመምህራን በተለይ የሚነገር ነገር አለ። ከጋሞ ተራሮች ብዙ ሕፃናት ትማራላችሁ፣ ሙያም ትይዛላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደዋል። ድኻ ወላጆቻቸውም የተነገራቸውን ተስፋ አምነው ሰጡ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በከተማ ትምህርት ቤት ሳያዩ፣ ከጧት እስከ ሌሊት ከሸማ ጉድጓድ ሳይነሡ፣ ደመወዝም ሳይቀበሉ አደጉ። ይህ ሙያ ማስተማር አይባልም፤ የልጅ ጕልበት መብላት ነው።

ልጅ ከትምህርት በኋላ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ቀሰም ቢጠቀልል፣ ጥበብ ሲገባ እያየ ቢማር መልካም ነው፤ በዚህ ሙያው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ስለ ሸማ ሥራ ፊደል ያጣ ልጅ ግን ነገ ውሉን ማንበብ፣ ዱቤውን መቍጠር፣ በማኅበር መጠየቅ አይችልም። እንዲህ ያለው ሸማኔ አባቱን ያሰረው ዱቤ እርሱንም ያስረዋል። ስለዚህ እንግዳ ሰው ልጅ ሊወስድ በመጣ ጊዜ መምህሩና ሽማግሌው ወላጁን መምከር፣ የልጁም ቦታ ከክፍሉ ባዶ ሲሆን ወዴት ሄደ ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል።

በትምህርት ቤትና በሸንጎ ሊደረግ የሚገባው

መምህሩ ይህን ነገር በቃል ከማስተማር ይልቅ በሥራ ቢያሳይ ይሻላል። ተማሪዎቹ ከመንደራቸው ዕቃ አንዱን፣ ጋቢን ወይም እንስራን ወይም ማረሻን ይምረጡ። ወደ ሠሪው ዘንድ ሄደው በአክብሮት ይጠይቁ፤ ጥሬው ዕቃ ከየት እንደ መጣ፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ ስንት ቀን እንደ ፈጀ፣ በስንት ብር እንደ ተሸጠ ይጻፉ። በሂሳብ ትምህርት ሰዓትም ሠሪው ከድካሙ ምን ያህል እንዳገኘ ያስሉ። ልጁ ደብተሩን ይዞ ከሸክላ ሠሪዋ ደጅ በተቀመጠ ቀን ሁለት ነገር ይማራል፤ አንዱ ሂሳብ ነው፤ ሁለተኛው ሸክላ ሠሪዋ አስተማሪ መሆንዋ ነው።

ሽማግሌዎችም በሸንጎ፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ቃላቸው የሚሰማ ስለ ሆነ፤ ባለ ሙያውን በስሙ እንጂ በሙያው ስድብ እንዳይጠሩት ለልጆቻቸው ምሳሌ ይሁኑ። ለሠርግ ልብስ ሲያሠሩም ዋጋውን ሳያጕላሉ ለሠሪው በጊዜው ይክፈሉ። በመንደሩ ገበያ ከሩቅ የሚመጣውን ዕቃ ቈጥረው፤ ከዚያ ውስጥ በመንደሩ ሰው እጅ ሊሠራ የሚችለው የትኛው እንደ ሆነ ይምከሩበት።

አንድ ጋቢ ብርድን የሚከለክለው አራቱ እጥፍ ተደርቦ ስለ ተገጠመ ነው፤ አንዱ ቢሳሳ ብርዱ በዚያው ይገባል። መንደርም ገበሬውን፣ ፈታይዋን፣ ሸማኔውንና ነጋዴውን እኩል አክብሮ የያዘ እንደ ሆነ ከድኽነት ብርድ ይጠበቃል።